ዝም ያሰኙት ቤት

የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ጥጉን ታጥፎ ሄዷል። ሰኞ ጠዋት ነው። ዳቦው ካለፈው ሳምንት ወዲህ ክብደቱ ቀነስ፣ ዋጋው ጨመር ስላለ የተሰለፈው ሁሉ ያማርራል፤ ምሬቱ ሲያልቅበት ደግሞ ወደ ሰው ወሬ ይዞራል። አናጢው ከፊቱ የቆሙትን ሁለት ሴቶች ልብ ብሎ ማዳመጥ የጀመረው «ዘረፏቸው» የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ጥልቅ ስትል ነው። «እኚያን ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ የድሮውን መካኒክ፣ ቤታቸውን ዘረፏቸው እኮ!» አለች አንደኛዋ። «ወይ ጉድ! መቼ?» «ቅዳሜ። ያውም በጠራራ ፀሐይ! ሐኪም ቤት እንውሰድዎት ብለው እጃቸውን ይዘው አስወጧቸው። ሲመለሱ ቤቱ የለም።» «ቤቱ የለም ስትዪ? ቤት ደግሞ እንዴት ተሸክመው ይሄዳሉ?» «እኔ ምን አውቄ! እሳቸው ናቸው እንደሱ የሚሉት። ሌቦች ቤቴን ሰረቁኝ ብለው ከወንበራቸው አልነሳም ብለዋል።»

አናጢው ክው አለ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ እዚያ ቤት የነበረው ሌላ ማን ሆነና! እሱ ራሱ ነዋ፤ እሱና ክበቡ።

ክበቡ አሥራ አንድ አባላት፣ አንድ መሰላልና አንድ ማኅተም ያለው የሰፈር የበጎ አድራጎት ክበብ ነው፤ ማኅተሙ የት እንደገባ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አቅም ያጣ ሰው ቤት ይሄዳሉ፤ የሚያፈስ ጣሪያ ይደፍናሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ የአልጋ ቁራኛ ካለ ገላውን ያጥባሉ፣ ሲጨርሱ ሻይ ጠጥተው እየተበሻሸቁ ይበተናሉ። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የሰፈሩን ግማሽ በእጇ ስለተቀበለች ማንም እምቢ አይላትም፤ እምቢ ያለ እንደሆነም «አንተማ ስትወለድም በእግርህ ነው የመጣኸው፣ ከድሮም ነገረኛ ነህ» ትለውና ክርክሩ እዚያው ያልቃል። አናጢውን «ሚስማር» ብላ የሰየመችው እሷ ናት፤ ለሙያው ሳይሆን ለቅጥነቱ። ይህ ሰው ለክበቡ ነፍሱን ይሰጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ የሞተችበት ሰሞን ወርክሾፑን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ሳለ፣ በየማለዳው አንድ የክበቡ ሰው እግሩ የተሰበረ ወንበር ተሸክሞ እየመጣ «ወንድሜ፣ እንደው ተነስተህ ይህችን ብታያት» ይለው ነበር። አርባ ምናምን ወንበር ጠገነ፤ ወንበሮቹ ሲያልቁ እሱም ቀና ብሎ መሄድ ጀምሮ ነበር። ወንበሮቹን እነሱው በመዶሻ እየሰበሩ ያመጡለት እንደነበር ያወቀው ከዓመት በኋላ ነው። ያን ዕለት ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ሽማግሌው ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። የሽማግሌው የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ምሳቸውን የምታቀብላቸውም እሷው ናት። «እንዴ! አንተ አይደለህ እንዴ ከሌቦቹ አንዱ?» አለች፣ ሰልፉ በሙሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሴትዮዋ ግን ክፋት የላትም፤ ክንዱን ይዛ ከሰልፉ ፈንጠር አደረገችውና ሁሉንም ዘረገፈችለት። ሽማግሌው ትናንት ጠዋት ውሃ ሊቀዱ ተነስተው ኮሪደሩ ላይ ወድቀዋል፤ ግንባራቸው ተልጧል። እሷም ደንግጣ ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ደወለች። ልጅቷም «በቃ! ከእንግዲህ ብቻውን አይኖርም» ብላ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይታ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትወስዳቸው እየመጣች ነው። «ስምንተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነው የምትኖረው፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ሥራ ላይ ናት» አለች ጎረቤቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሳቸው እዚያ ተዘግቶባቸው ሊውሉ ነው። አርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት ነቅለው ከወሰዷቸው እንደው አንድ ዓመትም አይቆዩ። እኔ ነኝ የደወልኩት፤ ምነው እጄን በቆረጠው!»

አናጢው ዳቦውን ትቶ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ቅዳሜን በልቡ ቢያመላልስ የቱ ጋ እንዳጠፉ ሊገባው አልቻለም። እንዲያውም የዚያን ዕለቱ ሥራ ክበቡ ከሠራው ሁሉ ያማረ ነበር። ልጅቷን አስቀድመው በስልክ አግኝተው የቤቱን ጉድለት ጠይቀዋታል፤ እሷም ዓመታት ሲያንገበግባት የኖረውን አንድ ገጽ ሙሉ አስጽፋቸዋለች። በሩ ሲጢጥ ይላል፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ የኮሪደሩ ጣውላ ሲረገጥ ይጮኻል፣ የግድግዳው ልስን ተፈርፍሯል። ሽማግሌውን ድንገት እናስደስታቸው ተባለና አዋላጇ ለደም ግፊት ምርመራ ወሰደቻቸው፤ የቀሩት እጅጌያቸውን ሰብስበው ቤቱን ወረሩት። የበሩን ነገር አናጢው ለማንም አልሰጠም። ላገው፣ ማጠፊያዎቹን በአዲስ ቀየራቸው፣ ዘይት አጠጣቸው፤ በመጨረሻ በአንድ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው በሩ ጭጭ ብሎ ሄዶ ተዘጋ። በሠላሳ ዓመት ሥራው እንደዚያ ዝም ያለ በር ሠርቶ አያውቅም። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ፎቶግራፍ ሳይቀር ነግሯታል።

ሽማግሌው ሳሎኑ መሃል፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ተቀምጠዋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ፣ ዓመቱ ያለፈበት የጎማ ሻጭ ካላንደር። አዲሱ ቀለም ገና ያብረቀርቃል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ሻንጣ ተቀምጧል። አናጢው በሩን ገፍቶ ገባ፣ ሦስት እርምጃ ተራመደና ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌው በድንጋጤ ከዘራቸውን አነሱ።

«ማነው? ማነህ አንተ? ከየት ገባህ?»

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እኒህን ሰው ሰፈሩ በቁጣቸው እንጂ በፍርሃት አያውቃቸውም። «እኔ ነኝ ጋሼ፣ የክበቡ አናጢ። በበሩ ነው የገባሁት።»

«አየህ? በገዛ በሬ ሰው ገብቶ አፍንጫዬ ሥር እስኪቆም አላወቅኩም። በሩን እንደዚህ ያደረግከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ምን ጠፋብዎት? ይንገሩኝና ዛሬውኑ...»

«ቤቴ ነዋ የጠፋኝ! ሌላ ምን አለኝና!»

ከዚያ ነገሩት። ሽማግሌው በደጉ ዘመናቸው የመኪና ኮፈን ሳይከፍቱ፣ ሞተሩን አዳምጠው ብቻ በሽታውን የሚናገሩ መካኒክ ነበሩ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ሲከዳቸው ቤታቸውንም እንደዚያው በጆሮ ተማሩት። በሩ በረዥሙ ሲጢጥ ካለ ሰው ገብቷል፣ በአጭሩ ካለ ነፋስ ነው። የቧንቧዋ ጠብታ ወጥ ቤቱ ወዴት እንደሆነ ትነግራቸዋለች፤ ከአልጋም ሲነሱ ከመታጠቢያ ቤትም ሲወጡ እሷን ይዘው ይሄዳሉ። ባልዲ ስለሚያስቀምጡላት አንዲት ጠብታ አትባክንም፣ ልብስ ያጥቡባታል። ኮሪደሩ ላይ ጣውላው ሲጮህ መታጠቢያ ቤቱ በስተግራ ነው። እጃቸው የተፈረፈረው ልስን ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሁለት እርምጃ ቆጥረው እግራቸውን ያነሳሉ፤ የወጥ ቤቱ ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ ካላወቁት ይጥላል። ቅዳሜ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሁሉም ዝም ብሏል፣ ሁሉም ለስልሷል፣ የለመዱት የቤታቸው ሽታ እንኳ ቀለም ለብሷል። «የሌላ ሰው ቤት አስገብታችሁ ጥላችሁኝ የሄዳችሁ ነው የመሰለኝ» አሉ። «ያቺ አዋላጅ ደግሞ ‹ደስ አለዎት ጋሼ?› ትለኛለች። ቤት ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ ምን ልበል? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፣ ተቀመጥኩ። ትናንት ውሃ ልቅዳ ብዬ ብነሳ ወደቅኩ፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ እንደተቀመጥኩ ነኝ።»

አናጢው «ምነው አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ማን ጠይቋቸው ነው የሚነግሩት? አሥራ አንድ ሰው ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስለ እኒህ ሰው ቤት ሲሰበሰብ፣ ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ ጋሼ እርስዎስ ምን ይላሉ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እፍረት ፊቱን አቃጠለው። ሽማግሌውም ብዙ አልወቀሱትም፤ «ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች» አሉ፣ «አልከራከራትም። ከወንበር መነሳት ያቃተው ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?» አናጢው ሰዓቱን አየ፤ ገና ሦስት አልሞላም። «ጋሼ፣ የሰረቅኩትን እመልሳለሁ። እስክትመጣ ድረስ እመልሳለሁ» አለና ስልኩን ይዞ ወጣ።

አዋላጇ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። «ሚስማር፣ ጤናም የለህ? በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራዬ ያዋለድኩትን ልጅ መልሼ አስገብቼ አላውቅም!» አለች። መውደቃቸውን ሲነግራት ግን ቀልዱን ተወች። «እኔ ነኝ እኮ ‹ደስ አለዎት› እያልኩ ያጨበጨብኩት» አለች፣ ደከም ባለ ድምፅ። ወዲያው ወደ ራሷ ተመለሰች። «ልብ ብለህ ስማ። ማጠፊያዎቹን ፈልግ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

አራት ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ሰኞ ቀን ነው፣ ሁሉም ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ግን መጡ። ቀለም ቀቢው የአንድ ሱቅ ግድግዳ ግማሹን ቀብቶ ግማሹን ትቶ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ከነቦርሳው፣ ሁለቱ መምህራን ፈቃድ ጠይቀው፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። አንድም «የእኔ ጥፋት አይደለም» ያለ አልነበረም። አናጢው በመስኮቱ ሲያያቸው እነዚህን ሰዎች የሰጠኸኝ አምላክ ተመስገን አለ በልቡ፤ የገዛ ሥራችሁን አፍርሱ ስላቸው እምቢ ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ማጠፊያዎቹ አልጠፉም፤ አናጢ አሮጌ ማጠፊያ አይጥልም፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የጣውላው ነገር ግን አስቸገረ። ቀለም ቀቢው ዓይኑን ሰበረ። «ጣውላዋን እኔ ነኝ የወሰድኳት» አለ፣ «ለዶሮዎቼ ቆጥ አድርጌያታለሁ። አሁን አንዷ ተኝታባታለች።» «ቀስቅሳታ!» ብላ አዋላጇ ጮኸችበት፤ ሰውየው ያን ሁሉ ሥጋውን ተሸክሞ ሲሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ዕለት ነው። ጣውላዋ ተፍቃ፣ ታጥባ፣ በፀሐይ ደርቃ ስትመጣም ትንሽ ትንሽ ዶሮ ዶሮ ትሸት ነበር።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው መጀመሪያ ያዳምጡ የነበረው በጥርጣሬ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው አዲሱን የቧንቧ ጎማ አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ የቀረውን ያን ያለቀ ጎማ መለሰ፤ «ቧንቧ እንዲያንጠባጥብ አድርገህ ሥራ የተባልኩት ገና ዛሬ ነው፣ እባካችሁ ለደንበኞቼ እንዳትናገሩ» እያለ። ጠብታዋ ጠብ ጠብ ማለት ስትጀምር ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ፈጠነች። ሚኒሞው ከፍ ብሏል» አሉ፣ ቆሞ ስለሚሠራ ሞተር እንደሚያወሩ። «ሩብ ዙር ወደ ቀኝ። እንደሱ አይደለም፣ አነቅካት! ትንሽ መለስ። ተዋት በቃ፣ አትንካት!» ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ፊታቸው ላይ ደም እየተመለሰ መጣ። አዋላጇ ምንም ትእዛዝ ሳትሰጥ አንድ ሙሉ ሰዓት ቆማ አዳመጠች፤ ይህ በክበቡ ታሪክ ተደርጎ አያውቅም። ጣውላው ተመታ፣ አንደኛው መምህር ረገጠው፣ ጮኸ። «ሸክሙ አነሰ፣ ወፈር ያለው ሰው ይርገጠው» አሉ፤ ቀለም ቀቢውን ለማለት ነው። እሱ ሲረግጠው «አሃ!» አሉና የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቁ።

በሩ ግን እምቢ አለ። አናጢው አሮጌዎቹን ማጠፊያዎች መለሳቸው፣ የዘይቱን ቅሪት በላምባ አጥቦ አደረቀው፤ በሩ ጮኸ፣ ግን ሌላ ጩኸት ነው። «ይሄ የጎረቤት በር ነው» አሉ ሽማግሌው። ስስ የእንጨት ቅንጣቢ ደገፈበት። «አሁን ደግሞ ድመት ሆነ።» እንጨቱ ስለተላገ አንጠላጠሉ ተቀይሯል፤ የተላገ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ተኩል ሆነ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ካቻቢቴው በእጁ ላይ ይንሸራተታል። አሥረኛው ሙከራ ላይ ሽማግሌው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ አንተ ሰው፣ ጆሮ የለህም እንዴ! ችግሩ ከታች ነው እያልኩህ!» ብለው ብድግ አሉ፤ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ሲጢጥታውን ተከትለው ቀጥ ብለው ወደ በሩ መጡና እጃቸውን ታችኛው ማጠፊያ ላይ አሳረፉ። «ይሄን አላላው። ላይኛውን አጥብቅ። አሁን ግፋው።» በሩ በረዥሙ ሲጢጢጥ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበር መነሳታቸውን እሳቸው አላወቁትም፤ ቀለም ቀቢው በደስታ ሊጮህ ሲል አዋላጇ አፉን በመዳፏ ከደነችው።

ግድግዳው ብቻ ቀረ። ቀለም ቀቢው የራሱን ሥራ በመፋቂያ ይፈረፍር ጀመር፤ ሽማግሌው ዳበስ አደረጉትና «ቧጠጥከው እንጂ የእኔ ግድግዳ አልሆነም» አሉ። እሱም መልሶ ሞከረ፣ አቧራው ኮሪደሩን ሞላው። ልጅቷ የገባችው በዚህ መሃል ነው፣ ካለችው ሰዓት ቀድማ። ሠላሳዎቹን ያለፈች፣ ፊቷ የመንገድ አቧራ የለበሰ፣ ስልኳን በጡቷ ላይ አጥብቃ የያዘች ሴት ናት። ኮሪደሩን አየች፣ የተፈለጠውን ግድግዳ አየች፣ የምትንጠባጠበውን ቧንቧ ሰማች። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች። «እንዲጠገን ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ አላስጻፍኳችሁም? ታፈርሱታላችሁ እንዴ?» አናጢው ሊያስረዳት ሞከረ፤ በሩ፣ ጠብታዋ፣ ጣውላዋ እያለ ሲናገር ለራሱም የዕብድ ወሬ መሰለው። ልጅቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እናንተ አታውቁትም» አለች። «ስልክ በጠራ ቁጥር ምን እንደምሆን አታውቁም። ሥራ ላይ ሆኜ፣ አውቶብስ ውስጥ ሆኜ፣ ወደቀ ይሉኛል እያልኩ ስድስት ዓመቴ። ይኸው ወደቀ።» አባትየው በሩ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። አባትና ልጅ አልተሳሳሙም። የክበቡ ሰዎች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍቷቸው ጫማ ጫማቸውን አዩ።

«አባዬ፣ በል እንሂድ።»

«እሺ» አሉ። «ግን መንገድ መጥተሻል። ሻይ ላፍላልሽ።»

«እኔ አፈላዋለሁ፣ አንተ ተቀመጥ።»

«እኔ አልኩ።»

ከዘራ አልያዙም። ኮሪደሩን ጀመሩት፤ ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ያዘ። ጣውላዋ ከእግራቸው ሥር ጮኸች፣ ግራቸውን አወቁና አለፉ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠብታዋ ትጠራቸዋለች። እጃቸው በግድግዳው ላይ እየሄደ ልስኑ ተፈርፍሮበት የነበረው ቦታ ደረሰና ቆመ። ወደ ፊት ዳበሱ፣ ወደ ኋላ ዳበሱ። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ጭረት፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ ቀለም። ትናንት የወደቁት እዚህ ነው። አንድ እግራቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት፤ አናጢው ሮጦ ሊይዛቸው ፈለገና እግሩን ገታ። ሰው ሳይጠይቅ ሮጦ የሚያደርገው ነገር ምን እንዳመጣ አይቷል። ልጅቷም እጇን ዘርግታ ነበር፤ መለሰችው። ምናልባት የአባቷን ጀርባ እንዲህ ቅርብ ሆና ካየች ብዙ ጊዜዋ ነው።

«አባዬ» አለች፣ «ምን ላድርግልህ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ይህን ጥያቄ ያልጠበቁት መሆኑ ከትከሻቸው ይታወቅ ነበር። «ደፉ ላይ ቁሚልኝ» አሉ፣ «ቁሚና አውሪኝ።» በአጠገባቸው ሾልካ አልፋ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመች፤ ግን የምታወራው ጠፋት። ስድስት ዓመት በስልክ ሲያወሩ መድኃኒትህን ወሰድክ፣ በላህ፣ በር ቆለፍክ ከማለት በቀር ሌላ ወሬ አልነበራቸውማ። «መንገዱ... መንገዱ አቧራ ነው» አለች። «ጎማ ፈነዳብን።» «የፊት ነው የኋላ?» አሉ አባትየው፣ አንድ እርምጃ እየተራመዱ። «የኋላ፣ የቀኙ።» «ትርፍ ጎማ ነበረው?» «ነበረው፣ እሱም ነፋስ አንሶት ነበር።» «ይሄ ሹፌር ነው እንዴ! አርፈሽ በአውቶብስ ብትመጪ ምን ነበረበት!» አሉና ሁለተኛውን እርምጃ ተራመዱ፣ እግራቸውን ከደፉ በላይ አንስተው ልጃቸው ደረት አጠገብ ቆሙ። እዚያው ሆነው ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «ከስተሻል» አሏት።

ሻዩ ተፈላ። ብርጭቆ ስላልበቃ ቀለም ቀቢው በጣሳ ጠጣ። ልጅቷ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ያን የክበብ ጭፍራ አንድ በአንድ አየችው፤ አቧራ የለበሰ፣ ሥራውን ጥሎ የመጣ፣ ላበላሸው ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ሁሉ። አባቷ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ቢጣሩ እንዲህ ሮጦ የሚመጣላቸው ማን እንደሆነ እያሰበች እንደነበር መገመት አያስቸግርም። «ግድግዳውስ?» አለች በመጨረሻ። «ሌላው ተመለሰ እንበል። እኔ ደፍ ላይ የማልቆም ቀንስ?»

አናጢው ብርጭቆውን አስቀመጠ። መልስ ነበረው፤ አምስት መልስ ነበረው። ሁሉንም ዋጣቸውና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ምን ብናደርግልዎት ይሻላል?»

ሽማግሌው ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ቸኩለው የሚያውቁ አይደሉም። «ቀጭን እንጨት» አሉ። «ያልተላገ። ከዚህ ጀምሮ እስከ ደፉ። እጄ ይዞት የሚሄደው። ደግሞ እንዳትቀቡት!» ቀለም ቀቢው በነፍሱ ማለ። አናጢው ወርክሾፑ ሄዶ ሻካራ እንጨት ይዞ ተመለሰ፣ ቁመቱን ለካ፣ ቆረጠ፣ ግድግዳው ላይ ደገፈውና አንድ ጫፉን የሚይዝለት ሰው ፈልጎ ዞር ሲል ልጅቷ አጠገቡ ቆማለች። እጅጌዋን ሰብስባ እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ነው? ከፍ ይበል?» «ትንሽ ዝቅ።» «አሁንስ?» «ትንሽ። እንደሱ። ያዢው።»

ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ሹፌሩ ቸኩሏል። የክበቡ ሰዎች ሁሉ ልጅቷን አዩ። ሽማግሌውም እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አላነሱም። ጥሩንባው ሁለተኛ ተነፋ። ልጅቷ እንጨቱን አልለቀቀችም፤ አንገቷን ብቻ ወደ ሰዎቹ አዞረች።

«እባካችሁ አንዳችሁ ውጡና ሹፌሩን ተመለስ በሉልኝ» አለች። «እኔ እጄ ተይዟል።»

ቀለም ቀቢው ጣሳውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።